ስድስተኛዋ ጥያቄ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ጊዜህ አልቋል ብለው ለሚያሰናብቱት ሰው ሰዓት መስጠት ምን ዓይነት ቀልድ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ተቀብዬ፣ አመስግኜ፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ያለው ቤቴ ሳሎን ውስጥ ሰቀልኩት። ንግግር አድርግ ሲሉኝ ደግሞ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ተቀመጥኩ። የሥራ ዘመኔን ግማሽ ሰዎች በችሎት የሚናገሩትን ስጽፍ፣ ግማሹን የሕግ ተማሪዎች እንዲናገሩ ስጎተጉት ኖሬ፣ የራሴ ተራ ሲደርስ አፌ ተሳሰረ።

በዚያው ባበቃ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን እኔን የተካው ናትናኤል ደወለ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ሲጽፍ ጣቱ አይታይም።

"ጋሽ አንጁሎ፣ የልምምድ ምደባውን ቅጽ ወደ ሲስተም እያስገባሁት ነው" አለኝ። "ይቺ ስድስተኛዋ ጥያቄ ግን ምንድን ናት? ምክንያት አትጠይቅ፣ ማስረጃ አትጠይቅ። የት እንደማስገባት ጠፋኝ። ላውጣት?"

"እንዳትነካት!" አልኩት። ጮኬ ኖሯል መሰለኝ፣ ባለቤቴ ምን ሆንክ ብላ ከጓዳ ወጣች።

ቅጹ የሕግ ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ወደ ፍርድ ቤትና ወደ ቀበሌ ከመመደባቸው በፊት የሚሞሉት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። አምስቱ ጥያቄዎች ስምና መታወቂያ ቁጥር፣ ዓመት፣ የሚናገሩት ቋንቋ፣ ስልክ እና የመሳሰሉት ናቸው። ስድስተኛዋ እንዲህ ትላለች፦ "እንድትመደብበት ወይም እንድትመደቢበት የማትፈልጉት ቦታ አለ? ካለ የቦታው ስም ብቻ ይጻፍ። ምክንያት መግለጽ አያስፈልግም።" ይኸው ነች። ለናትናኤል በስልክ ላስረዳው ሞክሬ አቃተኝ። ታሪኩ ረጅም ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ስለሆነ በስልክ የሚያልቅ አልሆነም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩለት።

የተወለድኩት ጋሞ ደጋው ላይ፣ ከሸማኔ ቤተሰብ ነው። አባቴ ሸማውን ተሸክሞ ከተማ ለከተማ ሲዞር ኖሮ በመጨረሻ አርባ ምንጭ ከተመ፤ እኔም ቆላ ወርጄ አደግኩ። ሥራ የጀመርኩት ጨንቻ፣ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። የጨንቻ ጉም መስኮት ቢዘጉበትም ይገባል፤ ጠዋት ስገባ የመዝገቦቹ ሽፋን ወዝቶ ይጠብቀኝ ነበር። ስለ ደመወዙ ባልናገር ይሻላል፤ አለ ለማለት ያህል ነበር። እዚያ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ጠፋ የተባለ መዝገብ ብዙ ጊዜ እንዳልጠፋ ነው። ተሳስቶ ሌላ መዝገብ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይገኛል። የሚፈልገው ሰው ትዕግሥት ካጣ ግን ጠፍቷል ብሎ ይጽፍበታል፣ ባለጉዳዩም አልቅሶ ይሄዳል።

ወደ ሲቀላ ተዛውሬ ሬጅስትራር ስሆን ዳኛ ሸምሱ ዘንድ ደረስኩ። አባታቸው ሲቀላ ገበያ ጨርቅ የሚያከፋፍሉ የስልጤ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም የሚያምር ጨርቅ የለበሰ ባለጉዳይ ሲያዩ እጃቸው ይበላቸዋል፣ ዳኛ ሆነው እንጂ ሳይዳስሱ አያልፉም ነበር። ጠበቆች ቁጡ ናቸው ይሏቸዋል። እውነት ነው፣ በጠበቃ ላይ ቁጡ ነበሩ። በሌላው ላይ ሲቆጡ አላየሁም።

ጋሽ ሸምሱ አንድ ልማድ ነበራቸው። ችሎት ከመግባታቸው በፊት ካባቸውን በክንዳቸው አድርገው ይወጡና በረንዳው ላይ ባለው የባለጉዳዮች አግዳሚ ይቀመጣሉ። አያወሩም፣ ጋዜጣ አያነቡም። አምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብለው ማን የት እንደተቀመጠ ያያሉ። አግዳሚው ላይ ማን አለ? ደረጃው ላይ ማን አለ? ግንቡን ተደግፎ የቆመው ማን ነው? ከዚያ ይነሱና፣

"አንጁሎ፣ ከሳሽዋ ከግራሩ ሥር ናት። ተከሳሹ አግዳሚው ላይ ተንፈላሷል። ልብ በል" ይሉኛል።

መጀመሪያ ላይ ምን ልብ እንደምል አላወቅኩም ነበር። አንድ ቀን ግን ከሐይቁ ዳር የመጣ ዓሣ አስጋሪ ለምስክርነት ቀረበ። ወንበር ሰጡት። ሦስት ጥያቄ ተጠየቀ፣ ለሦስቱም "አላውቅም" አለ። የተከሳሹ ጠበቃ ፊቱ በራ። ጋሽ ሸምሱ ብዕራቸውን አስቀመጡና "ወንበሩን አንሱለት" አሉ። ሰውየው መረቡን ሲጠግን እንደሚቀመጠው መሬት ላይ ቁጢጥ አለ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን ጽፌ መጨረስ አቅቶኝ ሁለት ጊዜ ቆይልኝ ብዬዋለሁ።

"ሰው የሚናገረው መቀመጥ ከለመደበት ቦታ ሆኖ ነው" አሉኝ ከችሎት ስንወጣ። "ሌላውን ከመጠየቅህ በፊት የት መቀመጥ እንደሚችል ጠይቀው።"

ሰማኋቸው። እንዲያውም ለሌሎች እየደጋገምኩ አወራሁት። መስማት ማለት ግን ማወቅ እንዳልሆነ ኋላ ነው የገባኝ።

ሚሌኒየሙ በተከበረ ማግስት ገደማ የሕግ ትምህርት ቤቱ ለአቅመ ደካሞች በነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ቢሮ በፍርድ ቤቱ ግቢ ከፈተ። ተማሪዎቹን ለልምምድ የሚመድብ፣ ችሎቱንም ባለጉዳዩንም የሚያውቅ ሰው ተፈለገ። ጋሽ ሸምሱ ወደ ሌላ ዞን ሊዛወሩ ሻንጣቸውን ሲያዘጋጁ ስሜን ሰጥተው ሄዱ። እኔም መዝገቤን አስረክቤ ከልጆች ጋር መዋል ጀመርኩ።

ልጆቹ ከየአቅጣጫው የመጡ ናቸው፦ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ፣ ከጋምቤላ፣ ከኮንሶ፣ ከራሳችን ደጋ። የሚማሩት በእንግሊዝኛ፣ ችሎቱ በአማርኛ፣ ባለጉዳዩ የሚያለቅሰው በጋሞኛ። አስተባባሪያችን አቶ ሙሉጌታ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ተማሪዎቹን የሚመርጠው ቆመው በአማርኛ እንዲናገሩ እያደረገ ነበር። አንደበቱ የቀናው ችሎት ይላካል። የተንተባተበው ፎቶ ኮፒ ያነሳል። በዓመቱ መጨረሻ ችሎት የዋለው የበለጠ አንደበት ያወጣል፣ ፎቶ ኮፒ ሲያነሳ የከረመው የወረቀት መጠን ይለያል። ያለው ይጨመርለታል እንደሚባለው ነው።

ብዙነሽ ከፎቶ ኮፒዎቹ ወገን ነበረች። ደጋ፣ ስሙን ከማልጠቅሰው መንደር ነው የመጣችው። ክፍል ውስጥ ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች። የጽሑፍ ፈተናዋን ያረሙ መምህራን ይደነቁባታል፤ ድምጿን የሰማ ግን የለም። አንድ ቀን ማሽኑ አጠገብ አግኝቼ መከርኳት።

"ብዙዬ፣ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማሽም?"

"ደጃዝማች መሆን አልፈልግም፣ ጋሽ አንጁሎ። ዳኛ ነው መሆን የምፈልገው።"

"ዳኛስ ሳይናገር ይሆናል?"

"ዳኛ መጀመሪያ ይሰማል" አለችና ወረቀቷን ሰብስባ ሄደች። ደስ አለችኝ።

በዚያው ሰሞን ከምዕራብ ዓባያ አንዲት ባልቴት መጡ። ባላቸው ሞቷል፤ የባላቸው ወንድም የሙዝ ማሳውን ይዞ አልወጣም ብሏል። ጉዳዩን የያዘው ሮቤል ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ አባቱ ዳኛ፣ ንግግሩ እንደ ውኃ የሚፈስ። በአስተርጓሚ ጠየቃቸው። ማስረጃ አለዎት? የለም። ሰነድ? የለም። ምስክር? ጎረቤቱ ሁሉ የባላቸው ዘመድ ነው። በሃያ ደቂቃ ማመልከቻውን ጻፈ። አማርኛው ያምራል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ሴትየዋ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ሊፈርሙ ሲሉ ብዙነሽ ኮፒ የተደረገ ወረቀት ይዛ ገባች። ቆም አለች። ከዚያ ከሴትየዋ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና በጋሞኛ ጠየቀቻቸው።

"እናቴ፣ ፎቶ ተነስተው ያውቃሉ?"

ሴትየዋ ሳቁ። "አንዴ። ከባሌ ጋር። መሬቱ ሲለካ የመጡ ሰዎች አነሱን። ቀሚስ ተውሼ ነበር።"

የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ይለጠፋል። ደብተሩን የባላቸው ወንድም ወስዶታል፤ ሴትየዋም ከእጃቸው ከወጣ የለም ብለው ደምድመዋል። የወረዳው መሬት አስተዳደር ቢሮ ግን መዝገብ አለው። ብዙነሽ በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍራ ምዕራብ ዓባያ ሄዳ፣ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ጠብቃ፣ የመዝገቡን ገጽ ቅጂ ማኅተም አስመትታ መጣች። በተውሶ ቀሚስ የተነሱት ሴትዮ ከባላቸው ጎን አሉ። ማሳው ተመለሰ።

"እንዴት መጣልሽ?" አልኳት።

"እናቴም ፎቶ የተነሳችው ያን ቀን ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ታወራዋለች።"

ሮቤልን አደንቀዋለሁ፤ አልተኮራም። "እኔ ማስረጃ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ" አለ። "ሴትየዋ ማስረጃ ምን እንደሆነ በምን ያውቃሉ?"

ሁለቱን ማመልከቻዎች፣ የሮቤልን ባዶውንና ኋላ የተሻሻለውን፣ ይዤ አቶ ሙሉጌታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ከእንግዲህ ሁለት ሁለት አድርገን እንመድብ አልኩት፤ አንዱ አማርኛው የቀና፣ አንዱ የባለጉዳዩን ቋንቋ የሚያውቅ፤ ችሎት ፊትም በየተራ ይቁሙ። ጥራት ይወርዳል አለኝ። ጥራቱ ይኸውልህ ብዬ ጣቴን በመዝገቡ ገጽ ላይ አደረግኩ። ሦስት ስብሰባ ፈጀ። በአንዱ ላይ በር ደርግሜ ወጥቻለሁ፤ አሁንም አላፍርበትም። በመጨረሻ ተፈቀደ። የኮንሶው ልጅ፣ የሶማሌዋ ልጅ፣ የደጋዎቹ ልጆች ችሎት መቆም ጀመሩ። ሲንተባተቡ ሰማኋቸው፤ ቀስ በቀስም ሲያቆሙ ሰማኋቸው። ብዙነሽ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጉዳይ ያዘች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፤ ችሎቱ እሷን ለመስማት ጸጥ ይል ነበር።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ሰው ሲሳካለት ግን የቆጡን አወርድ ይላል።

አምስተኛ ዓመቷ ላይ፣ ለመመረቅ አንድ ሴሚስተር ሲቀራት፣ በየደጋው መንደር እየዞርን ስለ ሴቶች የመሬት መብት ልናስተምር ዕቅድ ወጣ። እኔ ወዲያው የብዙነሽን መንደር መረጥኩ። በዱቡሻው ላይ እሷ ራሷ እንድትናገር። ዱቡሻ ማለት ሽማግሌዎች የሚመክሩበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት የመንደሩ አደባባይ ነው፤ መቀመጫዎቹ ድንጋይ ናቸው፣ እያንዳንዱም ድንጋይ የሚቀመጥበት ይታወቃል። ስነግራት፣

"ሌላ መንደር ቢሆንስ?" አለች።

"አገርሽ እኮ ነው! ኩሪበት እንጂ!"

"እሺ" አለች። አንገቷን ደፍታ ነበር። እኔ ትሕትና መሰለኝ።

እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ይህን አውቃለሁ፤ ማህደሯ ላይ ተጽፏል። በእኛ ደጋ ሸክላ ሠሪና ቆዳ ፋቂ ከሌላው ጋር እንደማይጋባ፣ ዱቡሻው ውስጥ እንደማይቀመጥ፣ ዳር ቆሞ እንደሚሰማም አውቃለሁ። የዚያው አገር ልጅ ነኝ። የሸማኔ ልጅ ስለሆንኩ ግን አባቴ የሚቀመጥበት ድንጋይ ነበረው። መቀመጫ ያለው ሰው መቀመጫ የሌለውን አያስታውስም። ከውጭ የመጣ ሰው ቢሳሳት ባለማወቅ ይባልለታል። እኔ እያወቅኩ ረሳሁ።

ቀኑ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። እኔ ተነሳሁና ደረቴን ነፍቼ "ዛሬ የምታስተምራችሁ የራሳችሁ ልጅ ናት" አልኩ። አንድ ሽማግሌ በለሰለሰ ድምፅ "የማን ልጅ ናት?" ብለው ጠየቁ። የእናቷን ስም ጠራሁ። ሽማግሌው በበትራቸው ከድንጋዮቹ ክብ ውጭ ወዳለው ቦታ አመለከቱ። እናቷ ከሦስት ሴቶች ጋር እዚያ ቆመዋል።

"ትናገር። ከዚያ ሆና ትናገር" አሉ።

ቁጣ የለበትም። ለእንግዳ በትሩን የት እንደሚያስቀምጥ የሚያሳዩ ይመስላሉ። እኔ ነደደኝ። ሕገ መንግሥቱን ጠቀስኩ፣ አንቀጽ ቆጠርኩ፣ እጄን አወራጨሁ። ሽማግሌዎቹ መለሱልኝ፣ እኔም መለስኩላቸው። ብዙነሽ በመካከላችን ማስታወሻዋን ይዛ ቆማለች። ስለ እሷ እየተከራከርን ነው፤ እሷን የጠየቃት የለም። ትንሽ ቆይታ ማስታወሻዋን ዘጋች። ሽማግሌዎቹን በጋሞኛ ይቅርታ ብላ ከክቡ ወጣች። የእናቷን እጅ ይዛ ቁልቁል ወረደች።

በሳምንቱ የመኝታ ክፍሏ አልጋ ባዶ ሆነ። የመልቀቂያ ቅጽ አልሞላችም፣ ለማንም አልተናገረችም። ያለ ቅጽ የቀረ ተማሪ ትምህርቱን እንደተወ ይቆጠራል። አምስት ዓመቷ በእኔ አንድ ቀን ሄደ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ለጋሽ ሸምሱ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሽማግሌዎቹን አማሁ፣ ባህሉን ረገምኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"አንጁሎ፣ የት መቀመጥ እንደምትችል ጠይቀሃታል?"

"አልጠየቅኳትም" አልኩ።

"እንግዲያው አንተ ደግሞ ሂድና ቁም" አሉኝ። "እስኪያስቀምጡህ ድረስ።"

ቅዳሜ ወጣሁ። ቤታቸው ከመንደሩ ተገንጥሎ ከቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ነው። እናቷ ደጃፍ ላይ ጭቃ እየጠፈጠፉ ነበር። ገና ሲያዩኝ እጃቸውን ሳይታጠቡ ተነሱ። የገበያ አማርኛቸው "እርስዎ" የሚባል ነገር አያውቅም፤ ያን ቀን ቢያውቅም አይገባኝም ነበር።

"ልጄን ሰው እንዲያይ ወሰድክ" አሉኝ። "ሰው እንዲያይ ድስት ነው የሚወጣው። ልጅ አይወጣም።"

ቆሜ ሰማኋቸው። ግባ አላሉኝም፤ ተመለስኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝናብ እየመታኝ ቆምኩ። ብዙነሽ ጭቃ ተሸክማ ስትመጣ አይታኝ ሳትናገር ገባች። ባለቤቴ ጉልበትህን አስብ ብላ ትቆጣኛለች። በሦስተኛው ብዙነሽ ራሷ ወጣች።

"አፍራ ሄደች ብለው ነው የሚያስቡት፣ አይደል?" አለችኝ። "አላፈርኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያ ክብ ውስጥ ገብቼ እንደምናገር አውቅ ነበር። ቀኑን እኔ ነበርኩ የምመርጠው። ተምሬ ጨርሼ፣ ሥልጣን ይዤ፣ ማንም 'የማን ልጅ ናት' ብሎ በማይጠይቅበት ቀን። እርስዎ ቀኔን ወሰዱብኝ።"

ይህን ስትለኝ አለቀስኩ። ሽማግሌ ነኝ፣ ሰው ያያል አላልኩም።

"ልመልሰው አልችልም" አልኳት። "ትምህርትሽን ግን ልመልስ። የምትፈልጊውን ንገሪኝ።"

ብዙ አሰበች። "ከእንግዲህ ማንንም ተማሪ ከመመደብዎ በፊት የት መላክ እንደማይፈልግ ይጠይቁ። በጽሑፍ። ለምን እንደሆነ ግን አይጠይቁ፤ ለምን ብለው ሲጠይቁን ነው የምንዋሸው።"

ብዙነሽ መልሱኝ ብላ አመለከተች፤ ጉዳዩን የሚያየው የትምህርት ቤቱ ኮሚሽን ከእኔ ማብራሪያ ጠየቀ። አቶ ሙሉጌታ ለእኔ አስቦ "በግል ችግር ምክንያት አቋረጠች ብለህ ጻፍ፣ ያልፋል" አለኝ። በግል ችግር ብዬ ብጽፍ ጥፋቱ የእሷ ሆኖ መዝገብ ውስጥ ይቀራል። ተሳስቶ ሌላ መዝገብ ሆድ የገባ ወረቀት ምን እንደሚያደርግ ከጨንቻ ጀምሮ አውቃለሁ። "ተማሪዋን ሳላማክር፣ ሌላ ቦታ እንዲሆን ጠይቃኝ እያለ፣ ክብሯ በሚነካበት ቦታ የመደብኳት እኔ ነኝ" ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ኮሚሽኑ ሁለት ጊዜ ሰበሰበን። አንደኛው አባል ደንብ ደንብ ነው ብሎ አልለቅም አለ፤ እኔም አልተነሳሁም፤ የመጨረሻው ሰው ወረቀቱን እስኪሰበስብ ድረስ ተቀምጬ ተከራከርኩ። ብዙነሽ ተመለሰች። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ጡረታ እስክወጣ ማህደሬ ውስጥ ነበር፤ ይነሳልኝ ብዬ አላመለከትኩም።

ቅጹን ራሴ በእጄ አረቀቅኩት። መጀመሪያ የሞላችው እሷ ናት። ስድስተኛዋ ጥያቄ ላይ ስትደርስ "የለም" ብላ ጻፈች።

"እንዴ?" አልኳት።

"መጠየቅ ነው የፈለግኩት" አለችኝና ብዕሬን መለሰችልኝ።

ከዚያ ወዲህ በዚያች መስመር ላይ ያነበብኩትን ብናገር ቃሌን አፈርሳለሁ፤ ራሳቸው የነገሩኝን ግን ልናገር። አንድ እግሩ የማይታዘዘው ልጅ ችሎቱ ፎቅ ላይ የሆነበትን ፍርድ ቤት ጻፈ፤ አምስት ዓመት ሙሉ ደረጃ አልችልም ማለት ከብዶት ኖሯል። አንዷ የቀድሞ ባሏ ፖሊስ የሆነበትን ቀበሌ ጻፈች። ሮቤል የጻፈው አባቱ የሚያስችሉበትን ፍርድ ቤት ነው። "እዚያ ጥሩ ብሠራም የአባቱ ልጅ ነው ነው የምባለው" አለኝ። እኔ ደግሞ ይህችን ጥያቄ ለተገፉት ብቻ የጻፍኳት መስሎኝ ነበር።

እና ናትናኤል፣ ሲስተምህ ካልተቀበላት ሲስተሙን ቀይረው እንጂ እሷን እንዳታወጣት። አንድ ነገር ልጨምርልህና ላብቃ።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ብዙነሽ ደወለች። የመውጫ ፈተናውን አልፋ፣ ዓቃቤ ሕግ ሆና ሠርታ፣ መንደሯ ባለበት ወረዳ ዳኛ ከሆነች ቆይታለች። የወሰን ጠብ ሊታረቅ ስለሆነ ሽማግሌዎቹ ዳኛዋ ዱቡሻ ላይ ትገኝልን ብለዋል።

"ጋሽ አንጁሎ፣ ቀኑን እኔ መርጫለሁ" አለችኝ። "መምጣት ከፈለጉ ይምጡ።"

ሄድኩ። የት እንደምቆም አውቃለሁ፤ ከድንጋዮቹ ክብ ውጭ፣ ያኔ እናቷ ከቆሙበት ቦታ ሄጄ ቆምኩ። እናቷም አጠገቤ ቆመዋል፤ ሰላምታ ተሰጣጥተናል። ብዙነሽ ስትመጣ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ተነሱ። ለእሷ የተዘጋጀ ድንጋይ ላይ ቡሉኮ ተነጥፏል። ወደ ክቡ ገባች፣ ግን አልተቀመጠችም። ተቀመጪ አሏት። ያው ዝቅ ባለ ድምጿ በጋሞኛ፣

"እናቴ ቆማለች" አለች።

ሌላ ቃል አልጨመረችም። አንቀጽ አልጠቀሰችም። አንድ አዛውንት በትራቸውን አንስተው ክቡን ጥለው ወጡ፤ ማንም አልከለከላቸውም፣ እሷም ዞራ አላየቻቸውም። ሌላው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። የቆየነው ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም፤ እግሬ ዝሏል። ያኔ በበትራቸው ወደ ዳር ያመለከቱት ሽማግሌ አርጅተዋል፣ ጎብጠዋል። ቀስ ብለው በሁለት እጃቸው ድንጋዩን ተመርኩዘው ወደ ጎን ተንፏቀቁ። አጠገባቸው የአንድ ሰው ቦታ ተገኘ።

እናቷ ገቡ። ድንጋዩን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ተቀመጡ።

"ቀዝቃዛ ነው" አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ብዙነሽም ሳቀች፣ ከዚያ ቡሉኮዋ ላይ ተቀምጣ ባለጉዳዮቹን መስማት ጀመረች። እኔ ከቆምኩበት አልተነቃነቅኩም። ማንም ግባ አላለኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። እናቷ ግን መሃል ላይ ዞር ብለው አዩኝ። ነገሩ ሳያልቅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በዚያው የገበያ አማርኛቸው፣

"አንተ እዚያ ምን ትገተራለህ?" አሉኝ። ወደ ሽማግሌው ጠጋ አሉና በመዳፋቸው ድንጋዩን መታ መታ አደረጉ። "ና፣ ተቀመጥ። ቦታ አለ።"